አምባው፣ ረሃቡና ዝምታው፦ አጭር ልብ ወለድ ያልተስማማንበትን ታሪክ እንዴት ያስታውሳል?

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ ማስተካከያ ተደርጎበታል። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)



የታሪክ መምህር ስለ ልብ ወለድ ለመናገር ሲነሣ ከሁለት ወገን ይጠየቃል። የታሪክ ባለሙያው «የተፈጠረ ነገር እንዴት ማስረጃ ይሆናል?» ይላል። የሥነ ጽሑፍ ባለሙያው ደግሞ «ድርሰትን እንደ ምስክር ቃል ልታነቡት ነው ወይ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና የቀረውን ጊዜ እርሱን ለማስረዳት ላውለው። አጭር ልብ ወለድ ስለ ተፈጸመው ድርጊት ደካማ ምስክር ነው፤ በድርጊቱ ላይ ስለ ተነሣው ክርክር ግን ከብዙ ሰነዶች የበለጠ ይመሰክራል።

አከራካሪ ትውስታ ስል የተረሳ ታሪክ ማለቴ አይደለም። ሁሉም የሚያስታውሰው፣ ነገር ግን ሁሉም አንድ አድርጎ የማያስታውሰው ታሪክ ማለቴ ነው። የእኛ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንዲህ ያለ ትውስታ የተሞላ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው ቲም ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው «የተሸከሟቸው ነገሮች» በተባለ የታሪኮች መድበል ውስጥ የቬትናምን ጦርነት የሚተርከው ገጸ ባሕርይ የደራሲውን ስም ይዟል፤ መጽሐፉ ግን ልብ ወለድ ነው። ያልተፈጸመ ነገር ከተፈጸመው ይልቅ የጦርነቱን እውነት ሊናገር ይችላል የሚል ሐሳብም በውስጡ አለ። ይህ ሐሳብ ለአንባቢ ነፃነት ይሰጣል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

አጭር ልብ ወለድን ለይቼ የምወስደው በቅርጹ ምክንያት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ይመርጣል። መምረጥ ደግሞ መተውም ነው። ረጅም ልብ ወለድ ትውልድን ከነዘር ማንዘሩ ሊያስከትል ይችላል፤ አጭሩ ግን ከበር ውጪ የሚተወው ብዙ ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች ልናየው የሚገባን የገባውንና በር ላይ የቀረውን ጎን ለጎን ነው።

ግሸን፦ በሌሎች ብዕር የተጻፈ አምባ

የምጀምረው ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት ነው። ልብ ወለድ የአንድን ቦታ ትውስታ እንዴት ሊረከብ እንደሚችል ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው ቦታ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ግሸን በአገሩ ሰው ዘንድ ሁለት ትውስታ አላት። አንደኛው የመቅደስ ትውስታ ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባባት፣ መጽሐፈ ጤፉት የሚገኝባት፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን አቀበቱን የሚወጡባት ደብር ናት። ሁለተኛው የእስር ትውስታ ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም ከ14ኛው መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 16ኛው አጋማሽ ድረስ ለዙፋን የሚያሰጉ የነገሥታት ልጆች በአምባዋ ላይ ይጠበቁ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ ወደ ዙፋን የመጣው ከዚያ ወርዶ ነው፤ ዐፄ ናዖድም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ወደ አምባው ያለ ፈቃድ የተጠጋ ሰው ስለሚደርስበት ከባድ ቅጣት ጽፏል። ሁለቱ ትውስታዎች እዚህ አገር ተጣልተው አያውቁም። ያው ገደል ለመስቀሉ ዐጥር፣ ለልዑሉ ግድግዳ ነው።

ወሬው ባሕር ሲሻገር ግን መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1667 ሚልተን በታላቁ ግጥሙ የአማራን ተራራ ከገነት ጋር ከሚነጻጸሩ ቦታዎች መካከል ጠቀሰው። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራስላስ» የተባለውን አጠር ያለ ልብ ወለድ አሳተመ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። የዋና ገጸ ባሕርዩ ስም እንኳ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድምና የጦር አለቃ ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ እንደሆነ ይታመናል። በጆንሰን እጅ ተራራው ሸለቆ ሆነ፤ እስር ቤቱም የደስታ ቦታ ሆነ። ልዑሉ የሚሠቃየው በሰንሰለት ሳይሆን ሁሉ ነገር ስለሞላለት በመሰላቸት ነው። ከእኅቱና ከመምህሩ ጋር አምልጦ ግብፅ ድረስ ይሄዳል፤ ደስታን ሲፈልግ ቆይቶ መጽሐፉ የሚዘጋው ወደ አገር ለመመለስ በሚደረግ ውሳኔ ነው።

መጽሐፉ ድንቅ የጥበብ መጽሐፍ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የእውነተኞቹ ልዑላን መታሰር የሌሎች ሰዎች የፍልስፍና ጥያቄ ማቅረቢያ ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝኛ የሚያነበው ዓለም ከግሸን ይልቅ የደስታውን ሸለቆ ያውቃል። በኋላም ሲራክ ኅሩይ «ራስላስን» ወደ አማርኛ ሲመልሱት ታሪኩ እንደ እንግዳም እንደ አገር ልጅም ሆኖ ገባ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። የአንድን ቦታ ትውስታ ባለቤቶቹ በአጭርና በሚያዝ ቅርጽ ካልነገሩት ሌላው ይነግርላቸዋል፤ የሌላውም ተረት ተመልሶ ይመጣል።

1929፦ የተረፈው ሰው ያልጻፈው

አሁን ወደ ራሳችን መቶ ክፍለ ዘመን ልግባ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሰው መገደሉን አስታወቀ፤ የጣሊያን ወገን ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ሰጠ፤ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ግምቱን ወደ 19,000 ገደማ አድርሰውታል። ከነፃነት በኋላ ግን ከቁጥሩ የበለጠ የከረረው ክርክር ሌላ ነበር፤ ማን አርበኛ፣ ማን ስደተኛ፣ ማን ባንዳ ነበር የሚለው። በዚህ ስም ሹመት፣ መሬትና ክብር ይሰጥበት፣ ይነፈግበትም ነበር።

ተመስገን ገብሬ ከዚያ ጭፍጨፋ ተርፎ ወደ ሱዳን የተሰደደ ሰው ነው። በ1941 ያሳተመው «የጉለሌው ሰካራም» ብዙ ተመራማሪዎች የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ የሚሉት ሥራ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለዳችን ስለ የካቲት 12 አይደለም። ርዕሱ እንደሚለው ስለ አንድ የጉለሌ ሰካራም ነው። ጭፍጨፋው የሚገኘው ደራሲው ከሞተ ከረጅም ዓመታት በኋላ በታተመው ግለ ታሪኩ፣ በ«ሕይወቴ» ውስጥ ነው።

ይህን ስል የደራሲውን ልብ አነበብሁ ማለቴ አይደለም። ሰው ስለ ፈለገው ነገር ይጽፋል። ሆኖም የሁለቱ ጽሑፎች ክፍፍል ለታሪክ ሰው ይናገራል። አንድ ሰው የሞተውን ሰው በዐይኑ አይቶ፣ ያየውን «እኔ አየሁ» በሚል ቃል ለግለ ታሪክ አስቀመጠ፤ ለልብ ወለድ የሰጠው በሰላም ቀን የሚጠፋ ተራ ሰውን ነው። ዘመኑ ለሞቱት ጀግኖች ብዙ የምስጋና ቃል ነበረው። ጀግና ላልሆነው፣ ባንዳም ላልሆነው፣ ዝም ብሎ ለሚኖረውና ለሚወድቀው ሰው ግን ቃል አልነበረውም። በር ላይ የቀረውን እንመልከት ያልሁት ይህን ነው። አንዳንድ ጊዜ በር ላይ የቀረው ጦርነቱ ራሱ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ከጦርነቱ የተረፈው ሰው ነው።

1966፦ ሥዕል ከሥዕል ጎን

ሦስተኛው ምሳሌዬ የወሎ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

የ1965 እና የ1966 ረሃብ በዓለም ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ባሳየ ጊዜ ነው። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከአሥር ሺዎች እስከ 200,000 ይደርሳል። ስለ ቁጥሩ የሚከራከሩት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የተራቡት ሰዎች ምስል የቤተ መንግሥት ግብዣ ከሚታይባቸው ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ ነበር። እያንዳንዱ ምስል እውነት ነበር። ክርክሩ ያለው በአቀማመጡ ውስጥ ነው። አንዱን ምስል ከሌላው ጎን ማኖር፣ መሐሉን መቁረጥ፣ ተመልካቹ ራሱ እንዲፈርድ መተው፤ ይህ ያው የአጭር ልብ ወለድ አሠራር ነው። በአንድ ሌሊት ለአንድ አገር የተነገረ አጭር ታሪክ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ብርሃኑ ዘሪሁን ከአጫጭር ልብ ወለዶች ጸሐፊነት የመጣ፣ በጋዜጠኝነት የኖረ ደራሲ ነው። በሦስት ክፍል ያሳተመው «ማዕበል» በመጠኑ አጭር ልብ ወለድ ባይሆንም ለዛሬው ጥያቄያችን ግን የግድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክፍል፣ «የአብዮት ዋዜማ»፣ የወሎን ረሃብ ይዟል። የክፍሎቹን ርዕስ በቅደም ተከተል ብቻ አንብቡ፦ ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግስት። ረሃቡ «ዋዜማ» ሲባል ትርጉም ተሰጥቶታል፤ የሞተው ገበሬ አንድ ነገር ሊመጣ ሲል የሞተ ሰው ሆነ። ሥራው የገበሬውን ሥቃይ ከልብ ያቀርባል። የቀን አቆጣጠሩ ግን የአብዮቱ ነው። አባወራው ራሱ በምን ይቆጥር እንደነበር፣ በዝናቡ፣ በበሬው ሞት፣ በልጁ መቀበር፣ ርዕሱ አይነግረንም።

ከዚያ 1977 መጣ። አሁን ዋዜማ የሚባልለት አብዮት አልነበረም፤ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን በደመቀ ሥነ ሥርዓት ያከብር ነበር። የኮረም ምስሎች በጥቅምት ወር ዓለምን ሲያናውጡ ያለፈውን ሥርዓት ረሃብ የጻፈ ብዕር የአሁኑን ረሃብ በዚያው ልክ መጻፍ አይችልም ነበር። ገደቡ የት ላይ እንደነበር ለማወቅ የበዓሉ ግርማን ዕጣ ማስታወስ ይበቃል፤ በ1975 የታተመው «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለዚህ ስለ 1966 የሚበዛው የጽሑፍ ብርሃን እና ስለ 1977 የሚታየው የጽሑፍ ጨለማ የሁለቱን ረሃቦች ስፋት አይለካም። የሚለካው በየዘመኑ የተፈቀደውን ነው።

ቃሉንም ተመልከቱ። መንግሥታት «ድርቅ» ማለት ይወዳሉ፤ ድርቅ ከሰማይ ነውና ተጠያቂ የለውም። ሕዝቡ «ረሃብ» ይላል፣ ወይም ዓመቱን ብቻ ጠርቶ «ሰባ ሰባት» ብሎ ያልፋል። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 ገደማ ሰዎች ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ የተወሰዱበትን ሥራ አንዱ «ሰፈራ»፣ ሌላው «ማፈናቀል» ይለዋል። አንድ ደራሲ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ሲመርጥ ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወደ ክርክሩ ገብቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው የቆመው በዋናው መንገድ ዳር በነበሩ መጠለያዎች ነው። መንገድ ድረስ መድረስ ያልቻለው፣ በየአምባውና በየቆላው የቀረው ሰው ምስል የለውም። ምስል የሌለውን ሰው ሊያስታውስ የሚችለው ወይ ዘመዱ ነው፣ ወይ ደራሲ ነው።

1969 እና 1970፦ ከአገር ውጪ የተጻፈ

ቀይ ሽብር የተባለው ዘመን ከስሙ ጀምሮ ያከራክራል። ደርግ ለራሱ ግድያ «አብዮታዊ እርምጃ»፣ ለተቃዋሚዎቹ «ነጭ ሽብር» የሚል ስም ነበረው። ኢሕአፓና መኢሶን፣ ከዚያም የተረፉት ሰዎች፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ዛሬም አልተስማሙም። በልዩ ዐቃቤ ሕግ የተመሠረተው ክስ ከ1987 እስከ 1999 ቆይቶ የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። በ2002 ደግሞ በአዲስ አበባ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ይላል፤ ሙዚየም ሰማዕት ይላል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ያልቆረጠ ነገር አይወዱም።

በዚህ ዘመን ላይ ከተጻፉት አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል ሁለቱን ላንሣ። በስደት የኖረው ሐማ ቱማ እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይና ሌሎች ታሪኮች» የደርግን ዘመን ችሎት የምጸት መድረክ ያደርገዋል። ሳቅ ለምን? እንደሚመስለኝ የደርግ ቋንቋ ራሱ በጣም የከበደ፣ በመፈክር የተደረደረ ቋንቋ ስለነበረ ነው። በክብደት ቢመልሱለት ያንኑ ይመስላሉ። ሳቁ ክርክሩን ከ«ማን ትክክል ነበር» ወደ «እንዴት እንዲህ ልንናገር ቻልን» ያሸጋግረዋል።

ሁለተኛዋ መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 እርሷ ባዘጋጀችው ስለ አዲስ አበባ በተጻፉ ታሪኮች መድበል ውስጥ ያለው የራሷ ታሪክ የጅምላ መቃብር መቆፈርን ይዟል፤ በተከታዩ ዓመትም በአሜሪካ የኤድጋርን የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። በእውነተኛው ታሪክ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ከልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጋር መቃብሮችን ለማጥናት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። አርጀንቲናም የራሷ የተሰወሩ ልጆች ነበሯት። በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ዐፅም ማስረጃ ነው፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ግን ዐፅሙን የሚጠብቅ ሰው አለ። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም መጠበቁን አይተውም።

ሁለቱም ሥራዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ የታተሙትም በውጭ አገር ነው። እንደ ጆንሰን ሩቅ ሆነው የሚያልሙ አይደሉም፤ የቤቱ ልጆች ናቸው። ሆኖም ልጇ የተገደለባት እናት ታሪኩን ልታነበው አትችልም። በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ነገር ማቃለል አይችልም። በ1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል እዚሁ አምባሰል ነው ስሙን ያገኘው፤ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ የሚለው 17ኛው አንቀጽም ወደ ዐድዋ አድርሶናል። ትውስታ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሲኖር በሌላው ቋንቋ ያለው ሰው ሳያውቀው ፈራሚ ይሆናል።

እንዴት እናንብብ?

ለምርምር ለምትዘጋጁ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን ልተውላችሁ።

የመጀመሪያው፦ ታሪኩ የተጻፈው መቼና የት ነው? ድርጊቱ የተፈጸመበትን ዓመትና የተጻፈበትን ዓመት ሁልጊዜ ለየብቻ መዝግቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ መረጃ ነው። ስለ 1966 በደርግ ዘመን የተጻፈ ታሪክ ከሁለቱም ዘመኖች ይነግራችኋል፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት የእናንተ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፦ ነገሩን ምን ብሎ ይጠራዋል? ድርቅ ወይስ ረሃብ፣ እርምጃ ወይስ ግድያ፣ ሰፈራ ወይስ ማፈናቀል? ገጸ ባሕርዩና ተራኪው የተለያየ ቃል ከተጠቀሙ ክርክሩ በአንድ ገጽ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው፦ በታሪኩ ውስጥ ኖሮ የማይናገር ማን ነው? ልዑሉ ሲናገር በር ጠባቂው አይናገርም። ካድሬውና ተማሪው ሲከራከሩ የቤት ሠራተኛዋ ቡና ታቀርባለች። በሰነድ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጭራሹን የለም፤ በልብ ወለድ ውስጥ ግን ዝም ብሎም ይታያል። ሰነድ የማይሰጠንን ይህን ዕድል ልንጠቀምበት ይገባል።

ከእነዚህ ጋር አንድ ክልከላ አለ። ከልብ ወለድ የተገኘን ቀን፣ ቁጥር ወይም ስም ከሌላ ምንጭ ሳታረጋግጡ ወደ ታሪክ ጽሑፍ አታስገቡ። ታሪኩ ስላሳመናችሁ ብቻ እውነት አይሆንም፤ የደስታው ሸለቆም ብዙዎችን አሳምኗል።

ንግግሬን ልቋጭ። የ1966ቱን ረሃብ በ20 ዓመቱ ያየ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። የወሎን ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓለም የሚያስታውሰው በጥቂት የፊልም ደቂቃዎች ነው፤ አብዛኞቹን ደቂቃዎች ያነሣው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህም አዲስ ክርክር ተጨምሯል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አምባሰል፣ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ሲደርስ የተፈጸመውን እናንተ ተማሪዎች ራሳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ አድርጋችሁ ግን አታስታውሱትም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚህ መድረክ ላይ የሚቆም መምህር ስለዚያ ወር ምን እንደተጻፈ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ይጠይቃል። ያን ጊዜ በእጁ የሚገኘው ዛሬ እናንተ የምትሰበስቡት፣ የምትጽፉት ወይም የምትተዉት ነው።

ስለዚህ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የምጠይቀው የሽማግሌዎችን ቃል ከነቀኑና ከነቦታው፣ በፈቃዳቸው እንድትመዘግቡ ነው። ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ የምጠይቀው አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቤት መርጣችሁ እንድትጽፉ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ድርጊቱን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ክርክሩን ይጠብቃል። አገር ለመግባባት ሁለቱም ያስፈልጓታል።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ካለ አሁን እንቀበላለን።